በኤክስ ምልክት የተፈረመ አቤቱታ

በየዓመቱ ማርች 8 ሲቃረብ አንድ ፎቶ ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራል። ነጭ ሻሽ ያሰረች፣ መነጽር ያደረገች፣ ትከሻዋ ላይ ነጭ ልብስ ጣል ያደረገች ጥቁር ሴት፤ ከሥሯ በትልቁ «እኔስ ሴት አይደለሁም?» የሚል ጽሑፍ። ዘንድሮም ደረሰኝ፤ እንደ አምናው አይቼ አለፍኩት፤ እንደ አምናው ግን ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። ሴትዮዋ ሶጆርነር ትሩዝ ናት። በአሜሪካ፣ በኒው ዮርክ ግዛት ባሪያ ሆና ተወልዳ፣ በኋላ ባርነት እንዲቀር አገር ለአገር እየዞረች የሰበከች። የሚከነክነኝ ይህ ነው፦ ሰው ሁሉ የሚያስታውሳት ምናልባትም ከአፏ ባልወጣ ቃል ነው፤ በገዛ እጇ ምልክት ያደረገችበትን ወረቀት ግን የሚያነሣው የለም።

ወረቀቱ የ1828 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። መኖሩ ከታሪኳ ቢገመትም በዓይን የታየው ገና በ2022 ነው፤ የኒው ዮርክ ግዛት ቤተ መዛግብት ከአሮጌ የፍርድ ቤት ሰነዶች ክምር መካከል አገኘው። «ሶጆርነር ትሩዝ» ብሎ የሚፈልግ ሰው መቼም አያገኘውም ነበር፤ እዚያ ላይ ያለችው በያኔ ስሟ «ኢዛቤላ ቫን ዋገነን» ናት። ማንበብና መጻፍ ስለማትችል በፊርማዋ ቦታ ኤክስ አኑራለች። ጉዳዩ ደግሞ ጥቅስ የሚወጣለት ዓይነት አይደለም፤ ወደ አላባማ የተሸጠ የልጇ ጉዳይ ነው።

ቃሉ የማን ነው?

ጥቅሱን አስቀድሜ ልጨርሰው። በሜይ 1851 በኦሃዮ፣ አክሮን በተባለች ከተማ የሴቶች መብት ጉባኤ ተደረገ፤ ትሩዝም ተነሥታ ተናገረች። የጉባኤው ጸሐፊ የነበረውና እሷን በቅርብ የሚያውቃት ጋዜጠኛ ማሪየስ ሮቢንሰን ንግግሯን ጁን 21 ቀን በጋዜጣ አወጣው፤ ገና ወሩ ሳይሞላ ማለት ነው። «እኔስ ሴት አይደለሁም?» የሚል ነገር የለበትም። ያለበት ይህ ነው፦ እንደ ማንኛውም ወንድ ጡንቻ አለኝ፤ አርሻለሁ፣ አጭጃለሁ፣ በቆሎ ሸልቅቄአለሁ፣ እንጨት ፈልጫለሁ፤ ከዚህ የበለጠ የሚሠራ ወንድ አለ? ስለ አእምሮ ደግሞ፣ የሴት ድርሻ አንድ ፓይንት፣ የወንድ አንድ ኳርት ከሆነ፣ እሷ ትንሿን ፓይንቷን ለምን ሞልታ አትይዝም? ፓይንት የኳርት ግማሽ ናት። ገበያ ውላ መስፈሪያ ይዛ የምታውቅ ሴት ቀልድ ነው፤ በእኛ አገር ቢሆን በጣሳ ትለካው ነበር።

ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ1863፣ ጉባኤውን በሊቀ መንበርነት የመራችው ፍራንሲስ ጌጅ ያንኑ ንግግር ከትዝታዋ ጻፈችው። ጥያቄው እየተመላለሰ የሚመጣው በዚህኛው ነው። «13 ልጆች ወልጄ ተሸጡብኝ» የሚለውም በዚህኛው ነው፤ ትሩዝ የወለደቻቸው ግን አምስት ገደማ ናቸው። አነጋገሩም የደቡብ ባሮች እንግሊዝኛ ተደርጎ ተቀርጿል። እሷ ያደገችው ደቡብ አይደለም፤ ከሃድሰን ወንዝ ብዙም ሳይርቅ፣ በኡልስተር አውራጃ፣ ከሆላንድ የመጡ ሰዎች ቤት ነው። የአፍ መፍቻዋ ደች ነው፤ እስከ ዘጠኝ ዓመቷ እንግሊዝኛ የሚባል ነገር አታውቅም።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» እንላለን። በመጽሐፍ የገባ ስሕተትም አብሮ እንደሚወረስ ግን አባባሉ አይነግረንም። ጌጅን በክፋት አልጠረጥራትም፤ አሜሪካ በባርነት ጉዳይ እርስ በርሷ እየተዋጋች በነበረበት ዓመት ላይ ሆና፣ አንባቢዋ «ባሪያ ሴት» ሲባል የሚጠብቀውን ድምፅ ሰጠችው። ብቻ በዚያ ድምፅ ውስጥ የሃድሰኗ ኢዛቤላ የለችም።

ቋንቋው ደግሞ ለእሷ ቀልድ አልነበረም። በ1806 ገደማ፣ ጌታዋ ሲሞት ዕቃው በጨረታ ሲሸጥ፣ ዘጠኝ ዓመት የሆናት ኢዛቤላ ከበግ መንጋ ጋር ተደርባ በ100 ዶላር ወጣች። የገዛት ጆን ኒሊ የሚባል ሰው ቤት የሚነገረው እንግሊዝኛ ነው። መጥበሻ አምጪ ሲሏት የድስት ማንጠልጠያውን ይዛ ትመጣለች፤ እመቤቲቱ ትቆጣለች፤ ከዚያ ግርፋት ነው። አንድ እሑድ ጠዋት ኒሊ በፍም ላይ ባጠነከረው የአርጩሜ እስር እጇን አስሮ ገርፏታል፤ ጠባሳው ዕድሜዋን ሙሉ አብሯት ኖረ። ከኒሊ በ105 ዶላር፣ ከዚያም በ1810 በ175 ዶላር ጆን ዱሞንት ለሚባል የኒው ፓልትዝ ሰው ተሸጠች። ገና 13 ዓመት ሳይሞላት ሦስት ጊዜ ዋጋ ወጥቶላታል። ዱሞንት ቤት 16 ዓመት ኖረች፤ ልጆቿንም የወለደችው እዚያው ነው።

መሮጥ ሳይሆን መሄድ

የኒው ዮርክን የአርነት ሕግ አካሄድ ካልያዙት የልጁ ጉዳይ አይገባም። በ1799 የወጣው ሕግ፣ ከዚያ ዓመት ጁላይ 4 በኋላ የሚወለድ የባሪያ ልጅ ነጻ ነው ይላል። ሆኖም ነጻነቱ በስም ነው፤ ልጁ ለእናቱ ጌታ ለረጅም ዓመታት የማገልገል ግዴታ አለበት፣ ወንዱ እስከ 28፣ ሴቷ እስከ 25 ዓመት። በ1817 የወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ ከ1799 በፊት የተወለዱት ጁላይ 4 ቀን 1827 ነጻ ይሁኑ አለ። ኢዛቤላ የተወለደችው 1797 ገደማ ስለሆነ በዚህኛው ነጻ ትወጣለች፤ ልጆቿ ግን ገና የማገልገል ግዴታ ካለባቸው ናቸው። የልጅን የአገልግሎት ዘመን እዚያው ግዛት ውስጥ ከጌታ ጌታ ማዛወር ይቻላል፤ ከግዛቱ አውጥቶ መሸጥ ግን ወንጀል ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አላባማ የገባ ልጅ የአገልግሎት ዘመኑ ቢሞላ «ጊዜህ አልቋል» የሚለው የለም።

ዱሞንት ለኢዛቤላ ቃል ሰጥቷት ነበር፤ በደንብ ከሠራሽ ሕጉ ከሚያወጣሽ አንድ ዓመት ቀድሜ እለቅሻለሁ ብሎ። በዚያ ዓመት እጇ ተጎዳ። ቀኑ ሲደርስ ሰውዬው፣ በእጅሽ ምክንያት ሥራ ስለጎደለ የጎደለውን ትሞያለሽ አላት። እሷም ወደ 100 ፓውንድ፣ ማለትም 45 ኪሎ ገደማ የሚሆነውን የዓመቱን ሱፍ ፈትላ እስክትጨርስ ቆየች፤ ዕዳዬ ይህ ነው ብላ በራሷ ሚዛን የለካችው ነው። ከዚያ በ1826 መጨረሻ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ጡት የምትጠባ ልጇን ሶፊያን በአንድ ክንዷ ታቅፋ፣ ልብሷን በመሐረብ ቋጥራ ወጣች። ትልልቆቹ ልጆች ቀሩ። ሕጉ የሚያውቃቸው የዱሞንት አገልጋዮች አድርጎ ነው።

አይዛክ ቫን ዋገነንና ሚስቱ ማሪያ ተቀበሏት። ዱሞንት ፈልጎ ሲደርስባት፣ ኮበለልሽ ቢላት አልኮበለልኩም አለች፤ በጠራራ ብርሃን በእግሬ ሄድኩ እንጂ፣ ያውም ቃል ስለሰጡኝ። ቫን ዋገነን ሙግቱን በገንዘብ ቆረጠው። ለቀሪው ዓመት አገልግሎቷ 20 ዶላር፣ ለሕፃኗ 5 ዶላር። ከፍሎ ሲያበቃ ጌታዬ ብላ እንዳትጠራው ከለከላት። በፍርድ ቤቱ ወረቀት ላይ ያለው ስሟ የዚህ ሰው ስም ነው።

«ልጄን እመልሳለሁ»

ፒተር አምስት ዓመት ገደማ ነው። ዱሞንት ለዶክተር ጌድኒ ሰጥቶት ነበር፤ ዶክተሩ ወደ እንግሊዝ ሲሻገር ሊያስከትለው አስቦ ልጁ ትንሽ ሆነበትና ለወንድሙ ለሰለሞን ጌድኒ መለሰው፤ ሰለሞን ደግሞ ለእህቱ ለኤሊዛ ባል፣ ፋውለር ለሚባለው የአላባማ ባለ እርሻ፣ ሸጠው። ኢዛቤላ ይህን የሰማችው ልጁ ከሄደ በኋላ ነው።

መጀመሪያ የሄደችው ወደ አሮጌ እመቤቷ ነው። ወይዘሮ ዱሞንት ለአንድ ትንሽ ጥቁር ልጅ ይህ ሁሉ ጩኸት ምንድን ነው፣ የቀሩሽን ማሳደጉ አንሶሽ ነው ብላ አፌዘችባት። «ልጄን እመልሳለሁ» አለች ኢዛቤላ። በምን ትመልሺዋለሽ? ገንዘብ አለሽ? የለኝም፣ እግዚአብሔር ግን አለው፤ ልጄን እመልሳለሁ። ይህን ከዓመታት በኋላ ለጸሐፊዋ ለኦሊቭ ጊልበርት ስታስጽፍ፣ ያን ጊዜ ውስጤ ረዝሞ ረዝሞ፣ የአንድ ሕዝብ ጉልበት ያለኝ መሰለኝ ብላለች። የጌድኒን እናትም ሄዳ ለመነች። እሷ ደግሞ ሳቀች፤ የእኔም ልጅ እዚያው አላባማ ሄዳለች፣ ምን የተለየ ነገር አለው አለቻት። የዳሯትንና የሸጡትን አንድ አድርጋ።

ከዚህ በኋላ ነው ነገሩ የሚለወጠው። መንገድ ላይ ያገኘችው አንድ ሰው ኩዌከሮች ጋ ሂጂ አላት፤ ባርነትን የሚጠሉ፣ በመሐላ የማይምሉ፣ ልብሳቸውን የማያሸበርቁ ክርስቲያኖች ናቸው። ማታውን አሳደሯት። ከፍ ያለ፣ ንጹሕ፣ ነጭ አንሶላ የተነጠፈበት አልጋ ሰጧት፤ እንዲህ ያለ ላይ ተኝታ አታውቅምና ከሥሩ ልተኛ ብላ አሰበች። ኋላ ባለቤቲቱን አስቀይማለሁ ብላ ወጣችበት። በማግስቱ ወደ ኪንግስተን ከተማ ወሰዷትና ፍርድ ቤቱ በር ላይ አውርደው፣ ገብተሽ ለግራንድ ጁሪው አመልክቺ አሏት።

ግራንድ ጁሪ ማለት አንድ ሰው በወንጀል ይከሰስ አይከሰስ ብሎ የሚወስን የዜጎች ጉባኤ ነው። ይህን ማን ነገራት? ግራንድ ማለት ትልቅ ማለት መሆኑን ታውቃለች፤ ስለዚህ ግቢው ውስጥ ካሉት ሁሉ አለባበሱ ትልቅ የሚመስለውን ሰው መርጣ አቤት አለችው። እየሳቁ ወደ ፎቅ አመላከቷት። እዚያም የሚሰሟት ሲቆሙ፣ ቺፕ የሚባለው የሕግ ሰው ልጅሽ መሆኑን በመጽሐፉ ማይ አላት። መጽሐፉን ተቀብላ ከከንፈሯ አስጠግታ፣ ልጄ ነው ልጄ ነው እያለች ለራሱ ለመጽሐፉ መማል ጀመረች። ጸሐፊዎቹ በሳቅ ፈነዱ፤ አንዱም እሷን ማስማል ምን ይረባል ብሎ ጠየቀ። ቺፕ የሰጠው መልስ ከሁሉ ይበልጥብኛል፦ ሕጉን ያሟላል አለ። አልራራላትም፣ አልሰበከላትም። መሐላው ከተደረገ ወረቀቱ ይወጣል፤ ወረቀቱ ከወጣ ጌድኒ መምጣት አለበት። «በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውኃ ይቆማል» የሚለው አባባላችን ላይ ውኃውን የሚያቆመው ጩኸቱ ይመስለናል፤ እዚህ ግን ያቆመው ፎርማሊቲ ነው።

መጥሪያውን እሷ ራሷ ነበረች ለኒው ፓልትዝ ሕግ አስከባሪ፣ ለኮንስታብሉ የምታደርሰው፤ ስምንት ወይም ዘጠኝ ማይል፣ 13 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ሶምሶማ እየሮጠች አደረሰች። ኮንስታብሉ ተሳሳተና ለሌላው ወንድም ሰጠው። ስሕተቱ እስኪታወቅ ሰለሞን ጌድኒ በጀልባ ሃድሰንን ሊሻገር ምንም አልቀረው። የችሎት ደጅ የረገጠ ሁሉ ይህን ያውቀዋል፤ እውነት በእጅህ ሆኖ መጥሪያ ለተሳሳተ ሰው በመድረሱ ብቻ ወራት ይቃጠላሉ።

ቢሆንም ጌድኒን ወረቀቱ አስፈራው። ጠበቃ ቢያማክር፣ ሄደህ ልጁን አምጣ፣ አለዚያ 14 ዓመት እስርና 1,000 ዶላር መቀጮ ይጠብቅሃል ተባለ፤ እሷ ያስጻፈችው እንዲህ ነው። በመከር ሄዶ በጸደይ ልጁን ይዞ ተመለሰ። ለእናቱ ግን አልሰጣትም፤ የእኔ ነው አለ።

እንደገና ወደ ቺፕ ሄደች። ጌድኒ የ600 ዶላር ዋስ እንዲጠራ ይደረጋል፣ ችሎቱ ሲሰየም ይቀርባል፣ እስከዚያ ጥቂት ወራት ትታገሺያለሽ አላት። ዋስትናው ቢወረስ የገንዘቡ ግማሽ ለአንቺ ነው ብሎም ሊያጽናናት ሞከረ። እሷ ግን ገንዘብ አይደለም የምትፈልገው፤ ወራትም የላትም። አንድ ጊዜ አላባማ የደረሰ ልጅ ዳግመኛም ሊደርስ ይችላል።

የ5 ዶላሩ መንገድ

እኔ በግሌ የታሪኩ መታጠፊያ ይህ ነው እላለሁ፤ ብዙ ሰው ግን ያለ ልብ ያልፈዋል። እስካሁን የተሄደበት መንገድ የወንጀል መንገድ ነው። የወንጀል ችሎት ጥያቄው «ጌድኒ ይቀጣ ወይ?» ነው፤ ልጁ የት ያድራል የሚለው የእሱ ጉዳይ አይደለም። ስለዚህ ተከሳሹ ዋስ ይጠራል፣ ቀጠሮ ይያዛል፣ ልጁ በዚያው በተከሳሹ እጅ ይቆያል። እናትየዋ ብታሸንፍ እንኳ የምታሸንፈው ቅጣት ነው።

መንገድ ላይ ሌላ የማታውቀው ሰው አገኛትና ከአንድ የድንጋይ ቤት አመላከታት፤ እዚያ ጠበቃ አለ፣ ሄደሽ ነዝንዥው፣ እስኪሰማሽ እንዳትለቂው አላት። በትረካዋ ላይ ዲሜይን ተብሎ የተጻፈው ጠበቃ አዳመጣትና 5 ዶላር አምጪ፣ ልጅሽን በ24 ሰዓት ውስጥ ታገኛለሽ አለ። በሕይወቷ አንድ ዶላር ይዛ አታውቅም። ወደ ኩዌከሮቹ መንደር ወደ ፖፕልታውን 10 ማይል ያህል በእግሯ ገሠገሠች፤ ካሰበችው በላይ ተዋጣላት፤ ገንዘቡን በጡጫዋ ጨብጣ ተመለሰችና ለጠበቃው ሁሉንም ሰጠችው። የተረፈውን ለራስሽ ጫማ አትገዢበትም ወይ ላሏት፣ አሁን የምፈልገው ልጄን ነው፣ 5 ዶላር የሚያመጣው ከሆነ ከዚያ የሚበልጠው እንዴት አያመጣውም አለች።

24 ሰዓት እንዴት ይቻላል? ወራት ጠብቂ ከተባለችው ጋር ሲነጻጸር ጉራ ይመስላል። መልሱ በ2022 የተገኘው ወረቀት ውስጥ አለ። አቤቱታው የወንጀል ክስ አይደለም፤ ሐቢየስ ኮርፐስ ነው፣ የእኛው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 177 «አካልን ነጻ ማውጣት» የሚለው። የዚህ አቤቱታ ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ ይህን ሰው የያዝከው በምን ሥልጣን ነው? አካሉን ይዘህ ቅረብና አስረዳ። የያዘው ሰው ቅጣት ይገባዋል አይገባውም የሚለው ለሌላ ቀን ይቆያል። ስለዚህ ዋስ አያስፈልግም፣ የወንጀል ችሎት መሰየሚያ ወር አይጠበቅም፤ በአውራጃው ያለ ሥልጣን የተሰጠው ዳኛ ትእዛዙን ወዲያው ያወጣል። የሚያስፈልገው በመሐላ የተረጋገጠ አቤቱታ ነው፤ በመሐላው ሥር ፊርማ፣ ፊርማ ለማይችል ምልክት። ኤክሱ የተቀመጠው እዚህ ላይ ነው። ቺፕ ተንኮለኛ ነበር አልልም፤ የጠየቀችውን በር ከፈተላት። ጠበቃው ግን የፈለገችውን በር አሳያት።

ፒተር ሲቀርብ እናቱን ካደ። ከጌድኒ እግር ሥር ተንበርክኮ እያለቀሰ ከጌታዬ አትለዩኝ አለ። ግንባሩ ላይ ያለው ጠባሳ ምንድን ነው ሲባል የፋውለር ፈረስ ረግጦኝ፤ ጉንጩ ላይ ያለውስ፣ ከሠረገላ ተጋጭቼ። እያንዳንዱን መልስ ሲሰጥ ዓይኑ ጌድኒ ላይ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ጉዳይ ይሞታል፤ ልጁ ራሱ ካላወቃት ምን ይባላል? ዳኛው ግን ልጁ ማንን ይወዳል ብሎ አልወሰነም፤ ጌድኒ ያሳየው ሥልጣን ስለሌለ፣ ልጁ ከእናቱ በቀር ጌታም አዛዥም የለውም ብሎ አስረከባት። ጠበቃውና ጸሐፊዎቹ ብዙ አባብለውት ኋላ ቀና ብሎ አያትና፣ የድሮዋን እናቴን ትመስያለሽ አላት።

ከራስ ጠጉሩ እስከ እግሩ መረመረችው። ጀርባው ላይ ጣቷን የሚያህል የደደረ ሰንበር ከላይ እስከ ታች ተጋድሟል። ምንድን ነው ብትለው ፋውለር የገረፈኝ ነው አለ፤ ከዚያም እንደ ማጽናናት፣ ይኼ ምንም አይደለም፣ ፊሊስን ብታያት ነው የምትደነግጪው። ፊሊስ እዚያው ያለች፣ የምታጠባ ባሪያ ሴት ናት፤ ጀርባዋ ተተልትሎ ወተትና ደም አብሮ ይወርድ ነበር። ያን ዕለት ኢዛቤላ ጌታ ሆይ እጥፍ ክፈላቸው ብላ ጸለየች።

«ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም» ይባላል፤ የእሷ አለመግደሙ ራሷን አስደነገጣት። ብዙ ሳይቆይ በጌድኒዎች ቤት ደብዳቤ ሲነበብ ሰማች፤ ፋውለር ሚስቱን ኤሊዛን ደብድቦ ገድሏታል። ኢዛቤላ ደስ አላላትም፤ አምላኬ ይኼ በዛ፣ እኔ ይህን ያህል አላልኩም አለች። ከትረካዋ ሁሉ ይበልጥ የምትታየኝ በዚህች ዐረፍተ ነገር ነው፤ በፎቶው ሥር ግን የሚጽፋት የለም።

ጥላ መሸጥ

ከዚህ በኋላ ያለውን ሕይወቷን ሳየው ማንበብ የማትችል ሴት ወረቀትን እንዴት እንዳሠራችው ነው የማየው። በኒው ዮርክ ከተማ ሳለች አንድ ባልና ሚስት ልትመርዘን ነበር ብለው ስሟን አጠፉ፤ በ1835 በስም ማጥፋት ከስሳቸው 125 ዶላር ካሣ ተፈረደላት። በ1843 ጁን 1 ቀን ኢዛቤላ መባል ቀርቶ ሶጆርነር፣ «መንገደኛ» ሆነች፤ ትሩዝ «እውነት» ማለት ነው። በትራስ ልብስ ቋጥራ ከከተማ ስትወጣ ኪሷ ውስጥ 25 ሳንቲም የምትመነዘር ገንዘብ ነበራት። በ1850 ታሪኳ በመጽሐፍ ወጣ፤ በዱቤ አሳትማ በየስብሰባው በ25 ሳንቲም ሸጠችው። በዚያው ዓመት በማሳቹሴትስ፣ ኖርዛምፕተን አጠገብ ቤት በ300 ዶላር ዕዳ ገዛች፤ በ1854 ከፍላ ጨረሰች።

ያ በየማርች 8 የሚዞረው ፎቶም ከዚሁ ወገን ነው። ከ1863 ጀምሮ ያስነሣቻቸው ከእጅ መዳፍ የማይበልጡ፣ በወፍራም ካርቶን ላይ የተለጠፉ ፎቶዎች ናቸው፤ የሹራብ ክሯን ይዛ፣ ጎኗ ጠረጴዛ ላይ አበባና መጽሐፍ። ከሥራቸው «አካሉን ልደግፍ ጥላውን እሸጣለሁ» የሚል አሳተመችባቸው። በዚያ ዘመን «ጥላ» ለፎቶ የሚነገር ቃል ነው። ጀርባውን ገልብጦ የሚያይ ግን ጥቂት ነው፦ በ1864 በሚሺጋን ምሥራቃዊ አውራጃ ፍርድ ቤት ጽሕፈት ቤት የባለቤትነት መብቱ በሶጆርነር ትሩዝ ስም ተመዝግቧል ይላል። ልማዱ መብቱ የፎቶ አንሺው መሆን ነው። ሦስት ጊዜ የተሸጠች ሴት በገዛ ምስሏ ላይ ባለቤት መሆኗን በፍርድ ቤት መዝገብ አስገባች። ዛሬ ያን ፎቶ ያለ ጀርባው፣ ምናልባትም ባላለችው ቃል እናዞረዋለን።

በ1865 ዋሽንግተን ውስጥ፣ የከተማው የፈረስ ትራም ጥቁሮችን መለየት በሕግ ከተከለከለ ወራት በኋላ፣ አንድ ትኬት ቆራጭ ገፍቶ ከበሩ ጋር አጋጭቶ ትከሻዋን ጎዳው። ዕድሜዋ 70 ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። ቁጥሩን ያዘች፣ ከሰሰችው፣ በድብደባ ተያዘ፣ ሥራውንም አጣ። ሁሌ ግን አልሆነላትም። አርነት ለወጡት ሰዎች በምዕራብ በኩል መሬት ይሰጣቸው ብላ ለኮንግሬስ ያዘጋጀችውን አቤቱታ ይዛ ከ1870 ጀምሮ ከከተማ ከተማ ፊርማ ብትለምንም ምክር ቤቱ ምንም አላደረገበትም። አካልን ነጻ ለማውጣት የሚያስገድድ ወረቀት አለ፤ ለማገዶና ለእርሻ የሚሆን መሬት የሚያስገድድ ግን አልነበረም። ኖቬምበር 26 ቀን 1883 በባትል ክሪክ፣ ሚሺጋን ስትሞት 86 ዓመት ገደማ ሆኗት ነበር፤ የመቃብር ድንጋይዋ 105 ብሎ ጻፈላት። ድንጋይም ይሳሳታል።

ፒተርስ? ኒው ዮርክ ከተማ አብሯት አደገ፤ መጥፎ ጓደኛ ያዘ፣ እስር ቤት ተመላለሰ፣ እናቱ ስታስፈታው ኖራ በመጨረሻ እምቢ አለች። በ1839 ዞን በምትባል የናንተኬት ዓሣ ነባሪ አዳኝ መርከብ ተቀጠረ። ከባሕር ላይ ሦስት ደብዳቤዎች ደረሷት። የመጨረሻው፣ ሴፕቴምበር 19 ቀን 1841 የተጻፈው፣ ይህ የጻፍኩልሽ አምስተኛ ደብዳቤ ነው፣ ከአንቺ ግን አንድም መልስ አላገኘሁም፣ ሐሳብ ገብቶኛል ይላል። እሷ መልስ አስጽፋ ትልክለት ነበር። መርከቧ በ1842 ወደብ ስትገባ ፒተር አልነበረባትም። ሦስቱን ደብዳቤዎች በ1850 መጽሐፏ ውስጥ አስገባቻቸው፣ ከነቀናቸው።